ሕግን ማክበርና ማክበርንም ማስረዳት
የካፋ ቡና ነጋዴ ስለሚያስፈልገው የማስረጃ መዝገብና መዝገቡን ስለሚያደራጁ የሶፍትዌር ኩባንያዎች የቀረበ ትምህርት

ከቦንጋ ተነሥቶ በጅማ በኩል ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚጓዘው ቡና ከውጭ አገር ገዢ ዘንድ ሲቀርብ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የሚጠየቀው ጥያቄ ሦስት ነበር። ደረጃው ስንት ነው፤ እርጥበቱ ምን ያህል ነው፤ ዋጋውስ? አሁን ግን አራተኛ ጥያቄ ተጨምሯል። ይኸውም ቡናው የበቀለው በየትኛው መሬት ላይ ነው፤ መሬቱስ ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ደን ነበረ ወይስ እርሻ? የሚል ነው። ለሦስቱ ጥያቄዎች ቀማሹና ሚዛኑ መልስ ይሰጣሉ። ለአራተኛው መልስ የሚሰጠው መዝገብ ብቻ ነው።

ጥያቄውን ያመጣው የአውሮፓ ኅብረት በቁጥር 2023/1115 ያወጣው ደንብ ነው። ደንቡ ሰኔ 22 ቀን 2015 ዓ.ም. የጸና ሲሆን፣ የሚመለከታቸውም ሸቀጦች ሰባት ናቸው። እነርሱም ቡና፣ ካካዎ፣ የቀንድ ከብት፣ የዘንባባ ዘይት፣ ጎማ፣ አኩሪ አተርና እንጨት ናቸው። ከእነዚህ ማናቸውም ቢሆን ከላይ ከተጠቀሰው ቀን በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የተመረተ ከሆነ በኅብረቱ ገበያ ሊሸጥ አይችልም። ከዚህም ሌላ ዕቃው በተመረተበት አገር ሕግ መሠረት የተመረተ መሆን አለበት። የሥራው መጀመሪያ ቀን ሁለት ጊዜ ተላልፏል። በታኅሣሥ 2025 እ.ኤ.አ. በወጣው ማሻሻያ ለትልልቆቹና ለመካከለኞቹ ድርጅቶች ታኅሣሥ 21 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ ለትንንሾቹ ደግሞ ሰኔ 23 ቀን 2019 ዓ.ም. እንዲሆን ተወስኗል። ቀኑ በተላለፈ ቁጥር አንዳንድ ነጋዴዎች ነገሩ የቀረ መስሏቸው መዝገባቸውን አጥፈው አስቀምጠዋል። የተላለፈው ግን ሕጉ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ነው እንጂ የደኑ መቁረጫ ቀን አይደለም። ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. እንዳለ ነው።

በሕጉ ፊት ተጠያቂው ዕቃውን በአውሮፓ ገበያ መጀመሪያ የሚያስገባው ነጋዴ ነው። የቦንጋ አቅራቢ ወይም የአዲስ አበባ ላኪ በብራስልስ ፊት አይከሰስም። ነገር ግን የሐምቡርግ ወይም የትሪየስት አስመጪ ሕጉን ቢተላለፍ አገሮቹ የሚደነግጉት ከፍተኛ የገንዘብ መቀጮ በኅብረቱ ውስጥ ከሚያገኘው የዓመት ገቢ ከ4 በመቶ የሚያንስ እንዳይሆን ታዟል። ዕቃውም ሊወረስበት ይችላል። እንግዲህ እንዲህ ያለ አደጋ የተደቀነበት ሰው ማስረጃ የሌለውን ቡና፣ ጣዕሙ የቱንም ያህል ቢያምር፣ እንደማይነካው የታወቀ ነው። ቅጣቱ በእርሱ ላይ ቢጻፍም ኪሳራው ተመልሶ የሚያርፈው በአቅራቢው መጋዘን ውስጥ ነው።

በካፋ ይህ ነገር ከሌላው ቦታ ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለው። የካፋ ቡና የደን ልጅ ነው። በዴቻ፣ በጊምቦ፣ በጨናና በሌሎቹም ወረዳዎች ቡናው ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ከፊሉ በራሱ የበቀለ የጫካ ቡና ነው፤ ከፊሉ ገበሬው ቁጥቋጦውን እየመነጠረና ጥላውን እያሳሳ የሚንከባከበው ከፊል የጫካ ቡና ነው፤ ከፊሉም የጓሮ ቡና ነው። ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. አካባቢውን በባዮስፌር ክልልነት የመዘገበው ይህን ደንና በውስጡ ያለውን የዱር ቡና ዘር በማየት ነው። ደኑን ጠብቆ የኖረው ሰው ደን አላጠፋሁም ብሎ ማስረዳት የሚያስፈልገው መሆኑ የሚያስገርም ይመስላል፤ ነገር ግን ከሰማይ የሚመለከተው ሳተላይት የሚያየው የዛፉን አናት ብቻ ነው። ከዛፉ ሥር የሠላሳ ዓመት የቡና እርሻ ይኑር ወይም ሰው ያልገባበት ጫካ ይኑር ለይቶ ለማወቅ ይቸገራል። የአውሮፓ ኅብረት የምርምር ማእከል ያዘጋጀው የ2020 የደን ካርታም ለመነሻ የሚያገለግል ነው እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም።

ከዚህም ሁለት ዓይነት ስሕተት ይመጣል። አንደኛው ቀድሞውኑ እርሻ የነበረው የጥላ ቡና በካርታው ላይ ደን ተብሎ መቀለሙ ነው። ገበሬው ያረጀ ጥላ ዛፍ የቆረጠ እንደ ሆነ ካርታው ደን ተመነጠረ ብሎ ቀይ ምልክት ያደርግበታል። በሕጉ ትርጉም ግን ደን መመንጠር ማለት ደን የነበረውን መሬት ወደ እርሻ መለወጥ ነው፤ ከቀኑ በፊት እርሻ የነበረ መሬት ዛፍ ስላለበት ብቻ ደን አይባልም። ሁለተኛው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። በእውነት ከቀኑ በኋላ የተመነጠረ ጫካ በጎረቤቱ የቆየ እርሻ ስም ተመዝግቦ ሊያልፍ ይችላል። የመጀመሪያው ስሕተት ንጹሑን ገበሬ ይጎዳል፤ ሁለተኛው የአካባቢውን ስም ያጠፋል። ሁለቱንም የሚያርመው በመሬቱ ላይ ቆሞ የተጻፈ ማስረጃ ነው። ይኸውም የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር፣ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ምስክርነት፣ የጋራ ደን የሚጠብቁ ማኅበራት ከመንግሥት ጋር የተፈራረሙት ውልና ቀኑ የታወቀ ፎቶግራፍ ነው።

የሶፍትዌር ኩባንያዎች ወደ ገበያው የገቡት በዚህ በር ነው። በውጭው ዓለም ይህ ሙያ አዲስ አይደለም። በ2001 እ.ኤ.አ. ኤንሮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሒሳብ ማጭበርበር ከወደቀ በኋላ በ2002 እ.ኤ.አ. ጥብቅ የኩባንያ ሕግ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ለድርጅቶች የሕግ ግዴታቸውን የሚቆጥሩላቸው፣ ቀኑ ሲደርስ የሚያስታውሷቸውና ማስረጃውን በየፈርጁ የሚያስቀምጡላቸው የሶፍትዌር ድርጅቶች በዝተዋል። በአገራችንም ቢሆን ጅምሩ ነበረ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2008 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር ቡናው በክልልና በደረጃ እየተለየ በአንድነት ይከማች ነበር። በዚህ አሠራር ዋጋው ለሁሉም ግልጽ ሆነ፤ የማን እርሻ ቡና እንደ ሆነ ግን ጠፋ። ይህን ለማረም ምርት ገበያው በ2015 እ.ኤ.አ. ከአይ ቢ ኤም ኩባንያ ጋር በኬሻው ላይ በሚታሰር ባለ ቁጥር ምልክት ቡናውን የሚከታተል ዘዴ አቋቋመ። ያ ዘዴ ዱካውን የሚከተለው ከማጠቢያውና ከመፈልፈያው ጣቢያ ጀምሮ ነው። አዲሱ ሕግ የሚጠይቀው ግን ከዚያም አልፎ እስከ ገበሬው ማሳ ነው።

እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ምን እንደሚሠራ በቀላሉ ለማስረዳት፣ ነጋዴው ጸሐፊ ዘንድ በየመሳቢያው ተበታትነው የሚገኙትን አራት ደብተሮች አንድ ላይ ይሰፋቸዋል ማለት ይቻላል። እነርሱም የገበሬዎች ስም ዝርዝር፣ የማሳ ዝርዝር፣ የግዢ ደረሰኝና የሎት መዝገብ ናቸው። አንድ ኬሻ ሲጫን ቁጥሩን በመንካት ብቻ ወደ ኋላ ሄዶ ከየትኞቹ ገበሬዎች፣ ከየትኛው ማሳ፣ በየትኛው ቀን እንደ ተገዛ ያሳያል። ደግሞም ማን መቼ እንደ ጻፈው፣ ማን መቼ እንዳረመው ይዞ ያቆያል። ይህ የመጨረሻው ነገር ብዙዎች የሚንቁት ነው፤ ኦዲተር መጀመሪያ የሚፈልገው ግን እርሱን ነው። በደብተር ላይ የተፋቀ ቁጥር የሚያሳፍረውን ያህል በኮምፒውተር ላይ ያለ ምልክት የተለወጠ ቁጥርም ያሳፍራል።

የማሳው አድራሻ የሚጻፈው በኬክሮስና በኬንትሮስ ነው። ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል። ከዚያ ለሚበልጠው ግን ዙሪያ ወሰኑ ተለክቶ መግባት አለበት። የካፋ ገበሬ ማሳ ብዙውን ጊዜ ከ4 ሄክታር በታች ስለ ሆነ ሥራው የሚከብደው በስፋቱ ሳይሆን በብዛቱ ነው። ቁጥሩ ከነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ ሊኖረው ይገባል። ምክንያቱም ሁለት አሃዝ ብቻ ቢጻፍ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሊያሳስት ስለሚችል ነው፤ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ደግሞ የሰው ማሳ፣ የቤተ ክርስቲያን ደንና የወንዝ ዳር ጫካ ይኖራል። ከዚህ የባሰው ስሕተት የሁለቱን ቁጥሮች ቦታ መለዋወጥ ነው። ቦንጋ በሰሜን ኬክሮስ 7 ዲግሪ ከ27 መቶኛ፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 36 ዲግሪ ከ25 መቶኛ ግድም ትገኛለች። ቁጥሮቹ ተገላብጠው የተጻፉ እንደ ሆነ የጊምቦው ገበሬ ማሳ በሰሜን አልጄሪያ ተገኘ ማለት ነው። ቡና የማያበቅል አገር የቡና ማሳ ይዞ ሲታይ አስመጪው የሚያየው የጸሐፊውን ድካም ሳይሆን የላኪውን አለመታመን ነው። ደኅና ሶፍትዌር ነጥቡ ከካፋ ዞን ውጭ ሲወድቅ ወዲያው ይከለክላል፤ ይህን የማያደርገውን መግዛት አይገባም።

የዘመን አቆጣጠራችንም የራሱ ወጥመድ አለው። ገበሬው ማሳውን መቼ እንዳለማ ሲጠየቅ በ2013 ብሎ ይመልሳል፤ ጸሐፊውም እንዲሁ ይጽፋል። ነገር ግን የ2013 ዓ.ም. መስከረም፣ ጥቅምትና ኅዳር ከመቁረጫው ቀን በፊት ናቸው፤ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን ያለው ደግሞ ከቀኑ በኋላ ነው። ስለዚህ ዓመተ ምሕረቱ ብቻውን የማይበቃበት አንድ ዓመት ቢኖር ይኸው ነው። ወሩ፣ ቢቻልም በዓሉ ተጠቅሶ ከመስቀል በፊት ወይም ከጥምቀት በኋላ ተብሎ መጠየቅና በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ አለበት። ቀኑን ያለ ዓ.ም. ወይም ያለ እ.ኤ.አ. መጻፍ በዚህ ሥራ ላይ ከባድ ጥፋት ነው። ስምም እንዲሁ ነው። ወልደ ሚካኤል የተባለ አንድ ገበሬ በላቲን ፊደል ሦስት ዓይነት ተጽፎ ሦስት ሰው ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ ገበሬ የማይለወጥ ቁጥር ሰጥቶ ስሙን በራሳችን ፊደል መያዝ ከዚህ ሁሉ ያድናል።

አሁን ዋናው የኪሳራ ምንጭ ወደ ሆነው ወደ መደባለቅ እንመለስ። አንድ ባለ ሃያ ጫማ ኮንቴይነር 60 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ 320 ኬሻዎች ይይዛል እንበል፤ ይህም 19,200 ኪሎ ግራም ነው። በአማካይ እያንዳንዱ ገበሬ 100 ኪሎ ግራም የተፈለፈለ ቡና ቢያቀርብ ኮንቴይነሩን የሞሉት 192 ገበሬዎች ናቸው። ከእነዚህ መካከል የአምስቱ ማሳ ሳይመዘገብ ቀረ። የቀረው ማስረጃ የ500 ኪሎ ግራም ብቻ ነው፤ ከጠቅላላው 3 በመቶ እንኳ አይሞላም። ነጋዴው እንደ ልማዱ ጥቂት ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ሕጉ ግን በመጠን አካክሶ ማለፍን አይቀበልም። ማስረጃ ያለውና የሌለው ከተደባለቀ በኋላ መለየት ስለማይቻል 19,200 ኪሎ ግራሙ በሙሉ በኅብረቱ ገበያ የማይሸጥ ይሆናል። አምስቱ ገበሬዎች አንዲት ዛፍ ያልቆረጡ ቢሆኑም እንኳ ነገሩ ያው ነው። ስለዚህ ልዩነቱ መደረግ ያለበት በላኪው መጋዘን ሳይሆን ጀንፈሉ ወይም እሸቱ በሚሰበሰብበት በመጀመሪያው ሚዛን ዘንድ ነው። ያልተመዘገበው ቡና በሌላ ምልክት፣ በሌላ ክምር ተለይቶ ይቀመጥና ለአገር ውስጥ ወይም ይህን ለማይጠይቅ ገበያ ይሸጥ።

በዚህ ላይ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከግል አቅራቢው የተሻለ ቦታ አላቸው። የአባላቱ ስም ቀድሞ የተመዘገበ ነው፤ የካፋ የጫካ ቡና ገበሬዎች ዩኒየንም ቡናውን ከመሠረታዊ ማኅበራቱ ተቀብሎ በቀጥታ ለውጭ ገበያ ስለሚያቀርብ ሰንሰለቱ አጭር ነው። የግል አቅራቢ ግን በገበያ ቀን ከብዙ እጅ የሚገዛ ነው። ከአነስተኛ ሰብሳቢ የገዛ እንደ ሆነ ሰብሳቢው ከማን እንደ ገዛ የመጠየቅ ልማድ አልነበረውም። አንዳንዱም ምንጩን መናገር ደንበኛን ማስነጠቅ ነው ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ስለዚህ ሶፍትዌሩ የገበሬውን ዝርዝር ለላኪው ሳያሳይ ማሳው የተመረመረ መሆኑን ብቻ ሊያሳውቅ ይችል እንደ ሆነ፣ የማሳው ነጥብ ግን ወደ አስመጪው እንዴት እንደሚተላለፍ አስቀድሞ በውል መወሰን ይገባል። ነጥቡ መድረሱ አይቀርም፤ ሕጉ የሚጠይቀው እርሱን ነውና።

እስከዚህ የተነገረው የላኪና የአቅራቢ ጉዳይ ነው። ባለ ሱቁና አስመጪው ግን ከዚህ ነገር ውጭ የሆኑ እንዳይመስላቸው ያስፈልጋል። የአገራችን ሕግም የራሱ የቀን መቁጠሪያ አለው። የንግድ ሥራ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ባለው ጊዜ ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያ፣ የደመወዝ ግብርና የጡረታ መዋጮ በየወሩ ይመጣሉ፤ ከመዋጮውም 11 በመቶው ከአሠሪው፣ 7 በመቶው ከሠራተኛው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የንግድ ሕግ የተካው አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ደግሞ አንድ አባል ብቻ ያለው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲቋቋም ፈቅዷል። ስለዚህ ቀድሞ በስሙ ብቻ ይነግድ የነበረ ሰው ዛሬ ማኅበር ሆኖ የማኅበርን መዝገብ የመያዝ ግዴታ ሊኖርበት ይችላል። እነዚህን ቀኖች የሚያስታውስ ሶፍትዌር ለአንድ ሱቅ ብዙ ሊመስል ይችላል። እውነትም ለአንድ ሱቅና ለሁለት ሠራተኛ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያና አንድ ወፍራም ደብተር ይበቃል። ሦስት ቅርንጫፍና ሃያ ሠራተኛ ላለው ነጋዴ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው።

በኮምፒውተር የተያዘ መዝገብ በሕግ ፊት ይጸናልን? ብለው የሚጠይቁ አሉ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መዝገብ በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ እንዳያጣ ደንግጓል። ይሁን እንጂ የወረቀቱን ደረሰኝ ለመጣል መቸኮል አያስፈልግም። ኔትወርክ የሚቋረጥበትና መብራት የሚጠፋበት አገር እንደ መሆኑ ሁለቱም አብረው ቢኖሩ ይሻላል።

ከኩባንያው ጋር ውል ከመፈረም በፊት መጠየቅ ያለበት ብዙ ነው። መጀመሪያ በስልክ ላይ የሚሠራው ክፍል ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ ውስጥ መረጃውን ይዞ ቆይቶ ቦንጋ ሲገባ የሚያስተላልፍ መሆኑ ይፈተን፤ ሻጩ በአዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ የሚያሳየው ለዚህ ማስረጃ አይሆንም። ቀጥሎ ውሉ ቢቋረጥ መረጃው የማን ነው? አንዳንድ ኩባንያ ክፍያው ሲቆም መዝገቡን ይዘጋል። ነጋዴው ግን ሕጉ ማስረጃው ለአምስት ዓመት ይቆይ ስለሚል ውሉ ካለቀም በኋላ ሊጠየቅበት ይችላል። እንግዲህ በማናቸውም ጊዜ ሙሉውን መዝገብ በተራ ሰንጠረዥ አውጥቶ የመውሰድ መብት በውሉ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ። ክፍያው በዶላር ወይስ በብር እንደ ሆነ፣ በገበሬ ቁጥር ወይስ በዓመት እንደሚታሰብም አስቀድሞ ይታወቅ፤ በገበሬ ቁጥር የሚታሰብ ክፍያ ጸሐፊውን ገበሬ እንዳይመዘግብ ያባብለዋልና።

የገበሬውም መብት አለ። ስሙ፣ የስልክ ቁጥሩና የማሳው ሥፍራ የግሉ መረጃ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ይህን የሚመለከት ነው። ለምን እንደሚመዘገብ በሚገባው ቋንቋ፣ በካፊኛም ቢሆን፣ ሊነገረው ይገባል። የማሳ መለካት በገጠር የግብር ወይም የመሬት መውሰድ ወሬ ያስነሣል። ሳይነገረው የተለካበት ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ቡናውን ለሌላ ሰው ቢሸጥ የሚያስደንቅ አይደለም።

ሶፍትዌሩ የማይሠራውንም ማወቅ ያስፈልጋል። የተመነጠረን ደን አይመልስም፤ ውሸት የገባበትንም መዝገብ እውነት አያደርግም። ጸሐፊው ቢሮ ተቀምጦ የአንዱን ማሳ ነጥብ ለአርባ ገበሬ ቢገለብጥ ሶፍትዌሩ አርባውንም በንጽሕና ይጽፋቸዋል። ይህን ለመያዝ በየሎቱ አሥር ያህል ማሳ በዕጣ መርጦ ሌላ ሰው በእግሩ ሄዶ እንዲያይ ማድረግ ይበጃል። ደግሞም የምርቱ መጠን ከማሳው ስፋት ጋር ይመዛዘን። ሩብ ሄክታር ያለው ገበሬ በአንድ ወቅት ሃያ ኩንታል አቀረበ ተብሎ ከተጻፈ የሌላ ሰው ቡና በእርሱ ስም ገብቷል ማለት ነው።

ሥራውን ለመጀመር የሚመቸው ጊዜ ቡናው ከመቅላቱ በፊት ያለው ክረምት ነው። መስከረም ከገባ በኋላ አቅራቢውም ሚዛን ያዡም ቀና የሚሉበት ጊዜ አይኖራቸውም። በአንድ ቀበሌ ሠላሳ ገበሬ መዝግቦ፣ አንዲት ትንሽ ሎት እስከ አስመጪው ድረስ በሙከራ መላክና አስመጪው ምን እንደ ጎደለ እንዲናገር መጠየቅ ከትልቅ ውል ይቀድማል። የሶፍትዌሩም የይለፍ ቃል በአንድ ጸሐፊ እጅ ብቻ አይቅር። ጸሐፊው ታሞ ወይም ሥራ ለቆ ሄዶ ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ደርሶ ማስረጃውን የሚከፍት ሰው የታጣበት ጊዜ ታይቷል። የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ ውስጥ ሆኖ በባለቤቱ ካዝና ይቀመጥ፤ በተለወጠም ቁጥር ፖስታው ይለወጥ።